ደይንስ ባሪንግተን፦ የወፍ ጫጩቶችን ለመምህር የሰጠ ዳኛ

በዚህ ዓምድ የታዋቂ ሰዎችን ሕይወት ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በትምህርት ሰዎች ላይ ነው። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ሥራው ዳኝነት እንጂ መምህርነት አልነበረም። የሚታወስባቸው ተማሪዎችም ከጎጆ የተወሰዱ የወፍ ጫጩቶች ናቸው። ቢሆንም ከእኛ ሙያ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ጥያቄ አንሥቶ ለመልሱ ብዙ ደክሟል፤ ይኸውም አንድ ፍጡር የሚያውቀውን ነገር ይዞት ይወለዳል ወይስ ከሌላ ይማረዋል የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።)

ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። አውራ ዶሮን እንውሰድ። በመፈልፈያ መሣሪያ ተፈልፍሎ፣ አባቱን ሳያይ፣ የሌላ አውራ ዶሮ ድምፅ ሳይሰማ ቢያድግም ጊዜው ሲደርስ መጮኹ አይቀርም። ማን አስተማረው? ማንም። ታዲያ ዘማሪዎቹ ወፎችስ ከዚህ በምን ይለያሉ? ወፍ ዜማዋን ከእንቁላሏ ይዛ ትወጣለች ብሎ ማሰብ ለማንኛችንም አይከብድም። ወፍ እያጠመዱ የሚሸጡ የሎንዶን ሰዎች ግን ነገሩ እንዲህ በአጭር የሚቋጭ እንዳልሆነ በልምድ ያውቁ ነበር። ባሪንግተን የነዚህን ሰዎች ወሬ ሰምቶ አላለፈም፤ ወፍ አጥማጅ ነው ብሎ ሳይንቅ ጠየቃቸው፣ የሙያ ቃላቸውንም ተማረ፣ ከዚያም ነገሩን ራሱ ሊፈትነው ተነሣ።

ደይንስ ባሪንግተን በ1727 ገደማ እንግሊዝ አገር ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። ከወንድሞቹ አንዱ የጦር ጉዳይ ጸሐፊ፣ አንዱ አድሚራል፣ አንዱ ደግሞ ጳጳስ ለመሆን በቅተዋል። እሱ ሕግ አጥንቶ በ1750 ጠበቃ ሆነ፤ በ1757 በዌልስ አውራጃዎች እየተዘዋወረ የሚያስችል ዳኛ ተባለ። በ1766 ስለ ጥንታውያን የእንግሊዝ ሕጎች ያሳተመው መጽሐፍ ጥሩ ስም አተረፈለት። በ1767 ደግሞ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። ስለ ሹመቱ ይኸን ያህል ይበቃናል፤ እኛን የሚያስደንቀን የሰውዬው ጠባይ ነው። ያልጠየቀው ነገር የለም። ስለ ሰሜን ዋልታ ጽፏል፣ ስለ ዛፎች ጽፏል፣ ስለ ጥንት ቋንቋዎች ጽፏል። አንዳንዱ ሥራው እንደ ግርግዳ የጸና ነው፤ አንዳንዱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሃ አይቋጥርም።

እንዴት እንደሚመረምር ለማየት አንድ ታሪክ እናንሣ። በ1765 ሞዛርት የሚባል ሕፃን ከአባቱ ጋር ሎንዶን ተቀምጦ በሙዚቃ ችሎታው ሕዝቡን ጉድ ያሰኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ ባሪንግተን ግን በዳኛ ዓይን አየው። ልጁ የሚጫወተው ሸምድዶት ይሆን? ዕድሜውስ በእርግጥ የሚባለውን ያህል ነው ወይስ ተቀንሶለታል? እንግዲህ ልጁ ፈጽሞ አይቶት የማያውቅ፣ በአምስት ክፍል የተጻፈ የሙዚቃ ድርሰት ይዞ ሄደና ፊቱ አስቀመጠለት። ሕፃኑ ወረቀቱን እያየ ወዲያው ተጫወተው። ቀጥሎም የፍቅር ዜማና የቁጣ ዜማ ከራሱ እንዲያፈልቅ ጠየቀው፤ ልጁ ሁለቱንም አፈለቀ። በዚህ መካከል አንዲት ድመት ወደ ክፍሉ ስትገባ ሞዛርት መሣሪያውን ጥሎ ወደ ድመቷ ሄደ፤ አልመለስ ብሎም ቆየ። አንዳንዴም ዱላ በእግሮቹ መካከል አድርጎ ፈረስ እየጋለበ ቤቱን ይዞረው ነበር። ለባሪንግተን ይኸ ሁሉ ማስረጃ ነው፤ ልጁ በእውነት ልጅ ነው። ቢሆንም አልረካም፤ ሞዛርት ከተወለደበት ከሳልዝቡርግ ከተማ የልደት መዝገቡን አስመጥቶ ካየ በኋላ ነው በ1770 ለማኅበሩ ሪፖርቱን ያቀረበው።

በ1767 ደግሞ ተፈጥሮን ለሚከታተሉ ሰዎች የሚሆን የመመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅቶ አሳተመ። ለሙቀቱ፣ ለነፋሱ፣ ለዝናቡ፣ ለሚያብበው ተክል፣ ለምትታየው ወፍ ሁሉ የየራሱ ዓምድ አለው። የክፍል ስም መቆጣጠሪያ ይዞ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል። ጊልበርት ኋይት የተባለው የሰልቦርን መንደር ቄስ ከ1768 ጀምሮ በዚህ ቅጽ ከሃያ ዓመት በላይ መዘገበ። ዝነኛ መጽሐፉም በ1789 ሲወጣ ከያዛቸው ደብዳቤዎች 66ቱ የተጻፉት ለባሪንግተን ነው።

በ1768 ባሪንግተን ወደ ኮርንዎል ተጓዘ። በዚያ አገር ኮርኒሽ የሚባል የጥንት ቋንቋ ነበረ፤ በጊዜው ግን ጠፍቷል ይባል ነበር። እሱ እየጠያየቀ ማውስሆል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ዶሊ ፔንትሪዝ የተባለች ዓሣ የምትሸጥ አሮጊት አገኘ። ሴትዮዋ ኮርኒሽ ትናገር ነበር። ሊሰሟት የሚችሉት እንደሷ ያረጁ ጥቂት ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው፤ ሕፃናቱ ሁሉ አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። አሮጊቷ በ1777 ሞተች። ቋንቋን ከአሮጌ አፍ ተቀብሎ የሚይዝ ወጣት ጆሮ ከሌለ ምን እንደሚሆን ባሪንግተን በዓይኑ አየ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወፎቹ እንምጣ። ጽሑፉ በጃንዋሪ 1773 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር በደብዳቤ መልክ የቀረበ ነው። ባሪንግተን ሲጀምር የወፍን ድምፅ ሁሉ ባንድ ላይ አይጨፈልቅም። ጫጩት ምግብ ፍለጋ የሚያሰማው ጩኸት አለ፤ ዕድሜው ጨመር ሲል የሚጠራራበት ድምፅ አለ፤ ዜማ ደግሞ ሌላ ነው። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው በመካከል ያለው የልምምድ ጊዜ ነው። ጫጩቱ ዜማ መሞከር ሲጀምር የሚያሰማው ነገር ቅጥ ያጣ ነው፤ ለማን እንደሚመስል እንኳ አይታወቅም። ባሪንግተን ይኸን ልክ ሕፃን ልጅ አፉን ለመፍታት ሲኮላተፍ ከሚያሰማው ድምፅ ጋር አመሳስሎታል። ቀስ በቀስ ግን ጫጩቱ ወዴት እንደሚሄድ መለየት ይቻላል። አንዱን ሐረግ በእርግጠኝነት ሲይዘው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ወዳልቻለው ሐረግ ሲደርስ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ኧረ ይኸ ነገር በየክፍሉ ያለ ነው! ሲያነብ የሚያውቀውን ቃል ጮኽ፣ የማያውቀውን ዋጥ የሚያደርግ ተማሪ ያልገጠመው መምህር ማን ነው? ልምምዱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ወር ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ዜማው ይጸናል፤ ይለወጣል ለማለት አይቻልም።

ታዲያ ዜማው የማን ነው? ባሪንግተን ሊኔት የምትባለውን ትንሽ ዘማሪ ወፍ ጫጩቶች መረጠ። የሊኔት የራሱ ዜማ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ሌላ ዜማ ከያዘ ወዲያው ይለያል። ጫጩቶቹን እያንዳንዳቸውን ለየመምህራቸው ሰጣቸው፤ አንዱን ስካይላርክ ለሚባለው ወፍ፣ አንዱን ለዉድላርክ፣ አንዱን ለቲትላርክ። የሚያስተምረው ወፍ ያለበት ጎጆ ከተማሪው ጎጆ አጠገብ ይሰቀላል፤ ሌላ ነገር የለም። ልምምዱ ሲያልቅ ከሊኔቶቹ አንዱም የሊኔት ዜማ አልዘመረም። እያንዳንዱ የያዘው የመምህሩን ዜማ ነው።

ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሙከራ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ባሪንግተን ግን እንደ ዳኛ ተቃራኒውን ምስክርም ጠራ። በቲትላርክ ዜማ አፉን የፈታውን ሊኔት ወስዶ፣ ዜማው በደንብ ከጸና በኋላ፣ ሁለት ሙሉ ድምፅ ያላቸው ሊኔቶች በሚዘምሩበት ክፍል ለሦስት ወር ሰቀለው። እነሆ የገዛ ወገኖቹ! ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ የዘሩን ዜማ ሰማ። አንዲት ሐረግ እንኳ አልወሰደም፤ በቲትላርኩ ዜማ ጸንቶ ቀረ። በእኛ አስተያየት ከባሪንግተን ሥራ ሁሉ ዋናው ይኸ ነው፤ ምክንያቱም መማር መቻል ብቻ ሳይሆን የመማሪያ ጊዜም እንዳለውና ጊዜው ካለፈ ደጁ እንደሚዘጋ አሳይቷል።

ቀጥሎ ደግሞ የኤውሮፓ ጫጩት የአፍሪካን ወፍ ዜማ ይይዝ እንደሆነ ለማየት አንድ ሊኔት ከአንጎላ ለመጣ ቬንጎሊና ለሚባል ወፍ ሰጠ። ተማሪው መምህሩን ቁርጥ መስሎ ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው የትኛው ከአፍሪካ፣ የትኛው ከእንግሊዝ እንደሆነ መለየት አይችልም ነበር።

ሁሉም ሙከራ ግን እንዲህ የተዋጣ አልነበረም፤ ባሪንግተንም አልደበቀም። ሮቢን የምትባለውን ወፍ ጫጩት ናይቲንጌል ለተባለው ዝነኛ ዘማሪ ሰጠው። ክፋቱ መምህሩ የዝማሬ ወራቱ እያለቀ ነበርና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዝም አለ። ተማሪው ከዜማው ሦስት አራተኛውን የናይቲንጌል አደረገ፤ የቀረው አራተኛ እጅ ከምንም የማይቆጠር ጩኸት ሆነ። መምህሩ ኮርሱን ሳይጨርስ የሄደበት ክፍል ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም። አንዲት ድንቢጥ ደግሞ ከሊኔት ጋር አድጋ ሳለ ጎልድፊንች የሚባል ወፍም በአጋጣሚ ሰማች፤ ዜማዋ የሁለቱ ድብልቅ ሆነ። ባሪንግተን መጀመሪያ ላይ ጫጩት የሚማረው ከቅርቡ መምህር ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ሙከራው ሲበዛ ግን ጫጩቱ የትኛውን ድምፅ እንደሚመርጥ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል ተረዳና ግምቱን ተወ።

እሱ ራሱ ያላሳደጋቸው ሁለት ወፎችም በደብዳቤው ተጠቅሰዋል። ሁለቱም በተወለዱ በሁለት ወይም በሦስት ቀናቸው ከጎጆ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው በዌልስ ናይተን በምትባል ከተማ የነበረ ጎልድፊንች ሲሆን የተሰቀለው አንዲት አነስተኛ የአትክልት ቦታ ፊት ለፊት ነበር፤ ሬን የምትባለዋን ጥቃቅን ወፍ ዜማ ብቻ ይዘምራል። ሁለተኛው ኬንዚንግተን ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ያደገ ሊኔት ነው። እሱ የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ስለነበረ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ለመናገር ምንም ያህል አልቀረውም። ባሪንግተን የነዚህን ወፎች ዕድሜ አጥብቆ የጠየቀው በምክንያት ነው። ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥም ይሰማል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የተወሰደ ጫጩት ከአባቱ ምን ሰምቶ እንደሆነ አይታወቅም።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመርኩዞ የሰጠው ፍርድ፣ የወፍ ዜማ ከሰው ቋንቋ ይልቅ አብሮ የተወለደ አይደለም፤ የድምፅ መሣሪያው እስከፈቀደለት ድረስ ወፉ የሚዘምረው መምህሩ የሰጠውን ነው የሚል ነው። መሣሪያውንም ቢሆን አልዘነጋም። ጆን ሃንተር የተባለውን ስመ ጥር ሐኪም የወፎችን ጉሮሮ ቀድዶ እንዲመረምርለት ጠየቀው። ሃንተርም በግዝፈት ከሚመስሉት ወፎች ሁሉ የናይቲንጌል የጉሮሮ ጡንቻዎች የጠነከሩ መሆናቸውን፣ የወንዱም ከሴቷ እንደሚበልጡ አገኘ።

ሳናነሣው የማናልፈው ነገር አለ፤ ባሪንግተን ለወፎች ማርክ ሰጥቷል! ሙሉ ውጤቱ ከ20 ነው። ድምፅ ልስላሴ፣ ቅልጥፍና፣ ሐዘንተኛነት፣ የዜማ ስፋት፣ አዘማመር እያለ በአምስት የትምህርት ዓይነት ከፍሎ ሠንጠረዥ አወጣ። ናይቲንጌል በቅልጥፍና 14 ሲያገኝ በቀሩት በአራቱም 19 አገኘ። ስካይላርክ በቅልጥፍና 19 ሲያገኝ በልስላሴና በሐዘን 4፣ 4 ብቻ ተሰጠው። ማንም 20 አልደፈነም። ጥብቅ ፈታኝ ነበር ማለት ነው።

የወፍ ነጋዴዎቹ ዕውቀት ሌላም ነገር አስተምሮታል። አንድ ዓይነት ወፍ በየአውራጃው ዜማው ይለያያል። የሎንዶን ሰዎች የኬንትን ጎልድፊንች ያስበልጣሉ፤ ናይቲንጌል ሲሆን ደግሞ ከሚድልሴክስ ይልቅ የሰሪን ይመርጣሉ። በዜማ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የቤተልሔሙን ከአጫብሩ ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እነዚያም ወፉ ከየት እንደመጣ በጆሯቸው ያውቁ ነበር። ዜማው ከእንቁላሉ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ የወንዝ ማዶና የወንዝ ማዶ ልዩነት ከየት ይመጣል?

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል። ጫጩት ሁሉ የሰማውን የሚይዝ ከሆነ በጫካ ውስጥ ስንት ዓይነት ወፍ ባንድ ላይ እየዘመረ ዜማው እንዴት አይደባለቅም? ባሪንግተን ሲመልስ፣ ጫጩት በጎጆው ሳለ ልብ የሚለው የወላጁን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ነው አለ። መልሱ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ወላጁን ለምን ለይቶ ያዳምጣል? ይኸን ለመመለስ ከ170 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1950ዎቹ የካምብሪጁ ዊልያም ቶርፕ ድምፅን በወረቀት ላይ በሥዕል መልክ በሚያሰፍር መሣሪያ እየተረዳ ቻፊንች የሚባሉትን ወፎች ከሌላ ድምፅ ሁሉ ለይቶ አሳደገ። መምህር ያላገኘው ቻፊንች ዲዳ አልሆነም። የዜማው ርዝመት ከሞላ ጎደል ልክ ነበር፤ ውስጡ ግን ባዶ፣ ጌጥ የሌለው ሆነ። ለካ ጫጩቱ አንድ ረቂቅ ንድፍ ይዞ ይወለዳል፤ በንድፉም የወገኑን ዜማ ከሌላው ይለያል፤ ሥዕሉን የሚሞላለት ግን መምህሩ ነው። በ1960ዎቹ ፒተር ማርለር በካሊፎርኒያ ድንቢጦች ላይ የመማሪያው ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ እንደሚያልፍ አሳየ። በ1965 ማሳካዙ ኮኒሺ ልምምድ ሳይጀምሩ መስማት የተሳናቸው ጫጩቶች ዜማቸው እንደሚበላሽ አረጋገጠ፤ ተማሪው መምህሩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም መስማት አለበት ማለት ነው።

በተለይ ለእኛ ለመምህራን የሚሆነው ግን የ1984ቱ ነው። ሉዊስ ባፕቲስታና ሌዊስ ፔትሪኖቪች እነዚያኑ የካሊፎርኒያ ድንቢጦች ከቴፕ መማር በሚያቆሙበት ዕድሜ ወስደው በሕይወት ካለ ወፍ አጠገብ አኖሯቸው። ቴፑ ያልቻለውን ሕያው መምህር ቻለ፤ ድንቢጦቹ ከሌላ ዘር ወፍ ሳይቀር ተማሩ። የባሪንግተን ሊኔቶች የላርክን ዜማ እንደዚያ ጥርት አድርገው የያዙት ፊት ለፊታቸው በሕይወት ያለ መምህር ስለነበራቸው ይመስለናል።

ሰውዬው በሁሉ ልክ ነበር ማለታችን አይደለም። ሴት ወፎች አይዘምሩም ብሎ ጽፏል። በአገሩ ላሉት ብዙዎቹ ወፎች ይሠራ ይሆናል፤ በሌላው ዓለም፣ በተለይ በሞቃት አገሮች፣ የሚዘምሩ ሴቶች ብዙ መሆናቸው ታውቋል። ከዚህ የባሰው የጨረባ ወፍ የምንለው ዓይነት ጉዳይ ደግሞ የፍልሰት ነው፤ በ1772 ባወጣው ጽሑፍ ወፎች ባሕር ተሻግረው ይሰደዳሉ የሚለውን አልቀበልም ብሎ ተከራከረ። በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ከሰሜን መጥተው በአገራችን ሰማይ የሚንሸራሸሩትን ዋነሶች አይቶ ቢሆን ምን ይል ነበር? በወፍ ዜማ ላይ ወፍ አጥማጆቹን ጠይቆ፣ ራሱ አሳድጎ፣ ሰምቶ ነው የፈረደው፤ በፍልሰት ላይ ግን ሙግት ብቻ ነው የያዘው። ልዩነቱም በውጤቱ ታየ።

የ1773ቱ ጽሑፍ ግን አልሞተም። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለቋንቋ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የወፍ ዜማ ነው ሲል የጠቀሰው ባሪንግተንን ነው።

በ1785 ዳኝነቱን ለቀቀና ቀሪ ዘመኑን ሎንዶን ውስጥ ኢነር ቴምፕል በሚባለው የሕግ ሰዎች ግቢ ኖረ። በዚያ ግቢ ተወልዶ ያደገው ደራሲ ቻርልስ ላም በ1821 እንዳስታወሰው፣ ባሪንግተን የግቢው ገንዘብ ያዥ በነበረበት ዓመት ሒሳቡ ሲመረመር አንድ እንግዳ ወጪ ተገኘበት፤ በሱ ትእዛዝ ለድንቢጦች መግደያ መርዝ ለአትክልተኛው የተከፈለ 20 ሺሊንግ። ባልደረቦቹም ወጪውን በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉበት። አንዲትን ድንቢጥ የሊኔትና የጎልድፊንች ዜማ ያስያዘ ሰው ይኸን ማዘዙ ላም ባይነግረን የምናምነው አልነበረም።

ባሪንግተን ማርች 14 ቀን 1800 ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ግቢ ባለው በቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ነው።